ፌጦ በሎሚ

እኔ ጀይላን በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የአንድ ገበሬ ማኅበር የጤና ኮሚቴ ተጠሪ ነበርኩ። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ እያልኩ የሰው ደጅ ስዞር የራሴን ቤት አላየሁም።

ባለቤቴ ዘይቱና ጨጓራዋን ካመማት ዓመታት ሆኗታል። ኋላ ደግሞ ጉሮሮዋን ያዛት። ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ይዘጋል፤ አንድ ነገር እንደተሰነቀረበት ሰው ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። ብርድ ነው ብዬ ፈረድኩ። ፌጦ ወቅጬ፣ ከጓሯችን ሎሚ ጨምቄበት፣ ሚጥሚጣ ጨምሬ በባዶ ሆዷ አጠጣት ጀመር። ፍቱን ነው እያልኩም ለጎረቤት አወራሁ።

«የሷሊሕ አባት፣ ጉሮሮዬን አልፎ ሆዴን ነው የሚለበልበኝ። ክሊኒክ ብሄድስ?» አለችኝ።

«ማቃጠሉ እኮ መሥራቱ ነው! ደግሞ ለጉሮሮ ተብሎ ክሊኒክ ይኬዳል እንዴ?»

እኔን ላለማስከፋት ዓይኗን ጨፍና ትጠጣው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ።

አንድ ቀን ከጁምዓ ስመለስ ደም አስመልሷት ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ከጎረቤቶቼ ጋር በቃሬዛ ክሊኒክ አደረስናት። የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰር ይልማ፣ ምን ስትወስድ እንደከረመች ሲሰማ በጣም ተቆጣ።

«ጉሮሮዋን ያቃጠለው ከጨጓራዋ ሽቅብ የሚወጣው አሲድ ነው። በቁስል ላይ ሎሚና ሚጥሚጣ! ማነው ይህን ያዘዘላት?»

ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆመዋል። እኔ ዝም አልኩ።

«እኔው ነኝ ወንድሜ» አለች ዘይቱና በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ፤ «ማንንም ሳላማክር።»

ይልማም እሷን ገሠጻት። ደም የተፋችውን ሴት! በእኔ ጥፋት ስትወቀስ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ደብረ ብርሃን ታክማ ዳነች። ከወር በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንደ ወትሮው ግለ ሂስ ተባለ። አንዱ አርፍጄ መጣሁ አለ፤ ሌላው ከልማት ሥራ ቀረሁ አለ። እኔም እንዲሁ ቀለል ያለች ጥፋት አዘጋጅቼ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ከስታ የተቀመጠችውን ዘይቱናን ሳይ ግን ያዘጋጀኋትን ትቼ ብድግ አልኩ።

«ፌጦውን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ክሊኒክ እንዳትሄድ የከለከልኳትም እኔው ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ጎረቤታችን ሩቂያ ደንግጣ ተነሳች።

«ያ ጀይላን! ዘይቱና በራሷ ያለ መጠን የወሰደች መስሎኝ፣ እኔ እኮ ከአንተ ሰምቼ ይኸው ለእናቴ እያጠጣኋት ነው!»

በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዝም ባልኩበት አንድ ወር ሙሉ አንዲት አሮጊት ያንን እሳት ሲጠጡ ከርመዋል። በማግስቱ እጃቸውን ይዤ ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ አልለቅ ያለ የጉሮሮ ሕመም ከጨጓራም ሊመጣ ይችላልና ሳትመረመሩ በቤት መድኃኒት አትቀልዱ። አጥፍታችሁ ከተገኛችሁ ደግሞ የታመመችው እስክትዋሽላችሁ አትጠብቁ።