ያላረፈው ልብ

ስሙኝማ፣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ! በተለይ ልጃችሁ ሲወዳደር አይታችሁ ደረታችሁን የምትነፉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ልብ የማውቀው ሐኪም ያስረዳችንን ብቻ ነው። ያየሁትን ግን ካልተናገርኩ ይቆረቁረኛል።

የእህቴ ባል ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የእሱን ሱቅና የእኔን ስፌት ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ የማስቲሹ ሽታ እኔ ጋ ይመጣል፣ የስፌት መኪናዬ ጩኸት እሱ ጋ ይሄዳል። ልጁ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። የክለቡ ጓደኞቹ "ጥይቱ" ይሉታል። አባትየው ደንበኛ በመጣ ቁጥር የልጁን እጅ አንጓው ላይ ይዞ፣ "እስቲ ንካው! ረጋ ብሎ ነው የሚመታው፤ የሠለጠነ ልብ እንዲህ ነው" ይላል። በዚህስ አልተሳሳተም።

ታዲያ አንድ ቀን ልጁ ዳገት እየወጣ ሳለ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጓደኞቹ ውሃ አፈሰሱበት፤ ነቃ። አባቱ "ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው" ብሎ ነገሩን አቃለለው። እህቴ ግን ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች፤ እኔም ቤቴን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ባልየውም እያጉረመረመ መጣ።

ዶክተሯ ልቡን በአልትራሳውንድ ካየች በኋላ አስቀምጣ አስረዳችን።

"ልብ ጡንቻ ነው። ብዙ ልምምድ የሚሠራ ሰው ልቡ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ትንሽ ይወፍራል። ብዙ ጊዜ ይህ ጤና ነው፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ነገር ግን አብሮ የሚወለድ የልብ ጡንቻ በሽታም ግድግዳውን ያወፍረዋል። የእሱ ከሁለቱ መሀል ሆኖብናል፤ ሌላ ምርመራም አድርገን አልለየልንም። እየነዳ መውደቁ ደግሞ አላማረኝም።"

"ታዲያ በምን ይለያል?" አለ አባትየው።

"በእረፍት። ሦስት ወር ምንም ዓይነት ልምምድ አይሠራም። ከልምምድ የመጣ ከሆነ የልቡ ውፍረት ይቀንሳል። በሽታ ከሆነ ግን እንዳለ ይቀመጣል።"

ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ አለ? አርፎ መቀመጥ! ግን የክለቡ የተወዳዳሪዎች ምርጫ እየደረሰ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት በግድግዳው በኩል የብስክሌት ካቴና ድምፅ ሰማሁ። ዘው ብዬ ብገባ፣ ጓዳው ውስጥ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በብረት ማቆሚያ ታስሯል፤ የእህቴ ልጅ ላዩ ላይ ሆኖ ላቡ እየተንጠባጠበ ይነዳል።

"ወይ ጉድ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ምን አደረግን?" አለኝ አባትየው። "ብስክሌቱ ቆሟል እኮ፤ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አላለም።"

"እግሩስ ቆሟል?"

"ዶክተሯ የከለከለችው መንገዱን ነው። እዚህ ቢደክመው እኔ አጠገቡ አለሁ። ሰውነቱ ከላላ ማን ይመርጠዋል? ይልቅ አንቺ መርፌሽን ያዢ!"

"አክስቴ፣ ደህና ነኝ" አለኝ ልጁ እያለከለከ።

ደሜ ፈላ። ለእህቴ ነገርኳት፤ ተጣሉ፤ ባልየው "በቃ፣ ትቻለሁ" ብሎ ማለ። በግድግዳው በኩል ይሰማ የነበረው ድምፅም ጠፋ። ለካ ካቴናው ዘይት በደንብ ጠጥቶ ኖሯል!

ሦስቱ ወር ሲሞላ አራታችንም ተመልሰን ሄድን። ዶክተሯ ምስሉን ደጋግማ አየች።

"አዝናለሁ" አለች። "አርፎም ካልቀነሰ በሽታ ነው። ከእንግዲህ ውድድር የለም።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። እህቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባትየው ግን ፊቱ በራ! ብድግ አለና፣ "ኧረ ተመስገን! እንግዲያውማ አይቆጠርም!" አለ። "ዶክተር፣ ልጁ መቼ አረፈ? ጠዋት ጠዋት ጓዳ ውስጥ ሲነዳ ነው የከረመው፤ እኔው ነኝ የማሠራው።"

እኔ ክው አልኩ። እህቴ ዞራ አየችው፤ ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ዶክተሯ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

"ስለዚህ አሁንም አላውቅም ማለት ነው" አለች። "ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በሽታ ከሆነ ግን ከነዚያ ጠዋቶች ባንዱ ልቡ ቀጥ ሊል ይችል ነበር።"

"አጠገቡ ነበርኩ እኮ..."

"አጠገቡ ሆነው ምን ያደርጉለት ነበር?"

አመዱ ቡን አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የሦስት ወሩ እረፍት እንደ አዲስ ተጀመረ። ምርጫው አለፈ። ባልየው ማቆሚያውን ፈቶ ብረቱን ለብየዳ ቤት ሰጠው፤ ልጁም በእውነት አረፈ።

ሦስት ወር ቆይተን ብንመለስ ግን ልቡ አልቀነሰም። በሽታው ነበር።

ልጁ መድኃኒት ጀመረ፤ በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ ቤተሰቡም ሁሉ እንዲመረመር ታዘዘ። ጥይቱ አሁን ከአባቱ ጋር ጎማ ይጠግናል፤ ጓደኞቹ በሱቁ ፊት ሲያልፉ ቀና ብሎ አያይም። ሆዴን ይበላኛል፤ ያም ሆኖ አለልን።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ከስፖርት አታስቀሩ። በልምምድ የሰፋ ልብ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ግን እየሮጠ ወይም እየነዳ የሚወድቅ፣ ደረቱን የሚያመው ልጅ ሳይመረመር አይመለስ። ሐኪም እረፍ ሲል ደግሞ ማረፍ ነው፤ ከልብ ጋር ብልጠት የለም።

ባለፈው አንድ አባት የልጁን ብስክሌት ሊያሠራ መጣ። "ዳገት ላይ ደረቱን ያዝ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ጎበዝ ነው፣ አያቆምም" እያለ ይኩራራል። የእህቴ ባል መፍቻውን አስቀመጠ።

"መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ከዚያ በፊት ብስክሌቱን አልሠራልህም" አለው።

"አንተ ደግሞ! ያንተስ ልጅ ታሞ ይኸው ደህና ነው አይደል?"

"የኔን ልጅ ሐኪሟ አላዳነችልኝም፤ ዋሽቻታለሁና። እኔም አላዳንኩትም፤ 'ጨምር፣ ጨምር' እያልኩ ወደ ሞት ስገፋው ነበር። እንዲያው ተረፈልኝ፣ ወንድሜ። ያንተስ እንደሚተርፍልህ በምን ታውቃለህ?"