የጨው ዜና

መጀመሪያ ፉጨት ተሰማ። የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ከመናገሩ በፊት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይለቃል። ከዚያ የሁዳ ድምፅ ወጣ። ከጠባቧ የሚኒ ሚዲያ ክፍል ተነስቶ አጥሩን ተሻገረ፤ በመካነ ሰላም ቆርቆሮዎች ላይ ሄዶ ከማዶው ኮረብታ ጋር ተጋጨና ተመለሰ። ሁዳ በሰማችው ቁጥር ይደንቃታል። ቤት ውስጥ «ምን አልሽ? ጮክ በይ» የምትባል ልጅ ናት።

የምታነበው አለቀባት። ማጉያውን የሚቆጣጠረው ሙሐሲን ስልኩን አቀበላት።

«ይቺን ጨምሪያት። ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘኋት።»

«መንገድ በመበላሸቱ በቅርቡ ጨው ሊጠፋ እንደሚችል ተሰማ» ብላ አነበበች። ከማን እንደተሰማ አልተጻፈም። እሷም አልጠየቀችም።

ለምሳ ስትወጣ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። አንድ ሽማግሌ በአህያ ጨው ጭነው ያልፋሉ። ቤት ስትደርስ እናቷ ጨው ማሰሮ ውስጥ እየገለበጠች ነው።

«አልሰማሽም? ጨው ሊጠፋ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ ነዋ!»

ሁዳ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከአፏ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን ሳይሞላው አህያ አስጭኗል። ፈራች፤ ደስም አላት። የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀችም።

ስትመለስ ግን ዙሀራ የምትባል የቆላ ሴት አየች። ለከብቶቿ ጨው ልትገዛ ከጎህ ጀምራ ስትጓዝ የመጣች ናት። ባለሱቁ «አልቋል እህቴ» አላት። ሴትዮዋ ባዶ ከረጢቷን በጥንቃቄ አጥፋ መንገዱን ተያያዘችው። ሁዳን ያስደሰታት ነገር እዚያው ጠፋ።

በማግስቱ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህር ይሄነው ደሴ ደውለው አጣሩ። መንገዱ ደህና ነው፤ ጨውም አለ። ሁዳ ማስተካከያውን ሦስት ጊዜ አነበበች። ድምፁ እንደ ትናንቱ ከኮረብታው ተመለሰ። ሱቆቹ ጋ ያለው ሰልፍ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አርመናል እኮ፤ በቃ» አለ ሙሐሲን። «ሰዉ ፋራ ሆኖ ነው።»

መምህር ይሄነው ሳቁ። «እንዲያማ ከሆነ እኔም ፋራ ነኝ። ሁለት ኪሎ ገዝቻለሁ። ግን ከማጉያው ሰምቼ አይደለም፤ የወፍጮ ቤቷ እትዬ ቦጋለች ነግረውኝ ነው።» ከዚያ ወደ ሁዳ ዞሩ። «ድሮ አጥኚዎች ሬዲዮ ሰውን እንደ ጥይት በቀጥታ ይመታል ብለው ያስቡ ነበር። ኋላ ቀርበው ሲያዩ ሌላ ነገር አገኙ። ወሬውን መጀመሪያ የሚሰሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሌላው የሚሰማው እነሱን ነው፤ ስለሚያምናቸው።»

ሁዳ ተነሳች።

«የት ነው?» አላት ሙሐሲን። «ያነበብሽው አንቺ መሆንሽን ለእትዬ ቦጋለች ከነገርሽ እኮ ስምሽ በአንድ ቀን ከተማውን ይዞራል። ማይኩን ደህና ሰንብት በይው።»

ይህን እሷም አውቃዋለች። ማይኩ ከሌለ ተመልሳ «ጮክ በይ» የምትባለው ልጅ ትሆናለች። ቢሆንም ሄደች።

ወፍጮ ቤቱ በሞተር ጩኸት ይንቀጠቀጣል። እትዬ ቦጋለች በዱቄት የነጣ ቅንድባቸውን እየጠረጉ፣ በቀጭን አርጩሜ ጆንያዎቹን እየነኩ ወረፋ ያስከብራሉ። ሁዳ ጆሯቸው ስር ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ የጨው ወሬው ውሸት ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ።»

እትዬ ቦጋለች ትክ ብለው አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአህመዲን። ሁዳ እባላለሁ።»

እትዬ ቦጋለች አርጩሜያቸውን ከፍ አደረጉ። ይኼው ነው፤ ሌላ ምንም አላደረጉም። ሞተሩ ጠፋ። ሁዳ ይህን ቤት ዝም ብሎ ሰምታው አታውቅም። ከሠላሳ የማያንስ ሰው ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው። «ድገሚው።»

ሁዳ ያለ ማጉያ፣ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ፣ ደገመችው። ስሟንም ጨመረች። ማንም «ጮክ በይ» አላላትም።

እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን አራግፈው የወረፋ ማስከበሪያ አርጩሜያቸውን ሁዳ እጅ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወጥተው ሱቆቹ ጋ ወዳለው ሰልፍ ሄዱ።