የዶይል ድምፅ በሰው እጅ

ቨርሊን ታኬት ዶይልን የወደደችው ፊቱን ሳታይ ነው። ቤከርስፊልድ በምትባል የጥጥ ከተማ ውስጥ የጥጥ ለቃሚዎቹ ጭፈራ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሞላ፣ የምትዘፍነውን ራሷም አትሰማውም ነበር። ያን ዕለት ግን ከኋላዋ አንድ ጊታር ጫጫታውን እንደ ቃጭል ሰንጥቆ ወጣ። ዘወር ስትል አዲሱ ጊታሪስት፣ ረጅም ዓይን አፋር ልጅ፣ ጫማውን እያየ ይጫወታል።

«ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለችው ሲያርፉ።

«ክሮቹ ታች ብረቱ ላይ የሚታሰሩበት ጥግ ነው የምመታው። መሐሉን ስትመቺው ይለሰልሳል። እዚህ ደግሞ ለስላሳ ነገር የሚሰማ ሰው የለም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

ዶይል ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ቤከርስፊልድ ውስጥ ለየብቻ ያያቸው ሰው አልነበረም።

የዘፋኞች ከተማ በሆነችው ናሽቪል ያለ አንድ የሸክላ አሳታሚ ሲጠራት አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ ተማክረው ጨርሰዋል፤ ሸክላው ሲወጣ እዚያው ይጋባሉ፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ይጫወትላታል። ያልጠየቁት የናሽቪልን ደንብ ነበር። ዘፋኝ ይዞት የመጣው ተጫዋች ስቱዲዮ አይገባም፤ ሸክላ ላይ የሚጫወቱት ሁልጊዜ እነዚያው የከተማዋ ሰዎች ናቸው። ጭፈራ ቤት ያደገ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

አሳታሚው ሚስተር ሆሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ መጥላት ይቻላል።

«ልጁ ጎበዝ ነው፣ የኔ ልጅ። በየከተማው ስትዞሪ ያጅብሽ። እዚህ ግን የራሳችን ጊታሪስት ግሬዲ አለልን» አላት።

ግሬዲ ተጫወተ። ጣቶቹ ያምራሉ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅቤ ቀለጠ። ደጋግመው ሞከሩ፣ ቨርሊን ወደ ዘፈኑ መግቢያ አጣች። የስቱዲዮው ጊዜ እያለቀ ነበር፤ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን እንደሌላት ከሆሊስ ፊት ይነበባል። በመጨረሻ ሆሊስ በሩን ከፍቶ ዶይልን ጠራው።

«ወንድሜ፣ እንዴት እንደምታደርገው ለግሬዲ አሳየው።»

«እንዳታሳየው» አለች ቨርሊን። «አንተ ካልተጫወትክ አልዘፍንም። ተነስ እንሂድ።»

ዶይል ይዟት ሊወጣ ይችል ነበር፤ ግን ወዴት? ድምፅዋ ወደማይሰማበት ወደዚያው ጭፈራ ቤት።

«አትሞኚ፣ ማሬ» አላት ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ግሬዲ ዞረ። «እጅህን ወደ ብረቱ አውርደው። መዳፍህ ክሩን ነካ ያድርገው እንጂ አይጫነው። አሁን ምታው፤ አትዘንለት።»

ግሬዲ መታው። ራሱ የዶይል ድምፅ መጣ። ዶይል ቆቡን አንስቶ ወጣ፤ ቨርሊንም እያለቀሰች ዘፈነች። አገር የወደደው ያንን ለቅሶ ነው።

ስትጨርስ ደጅ ላይ አገኘችው።

«አብረን እንዙር። ከኋላዬ ትጫወታለህ።»

«ሰው የሚፈልገው ሸክላው ላይ ያለውን ነው። ግሬዲን እየኮረጅኩ ልኑር?»

«ያንተ ነው እኮ።»

«የሚያውቀው ግን እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«አይበቃህም?»

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሊበቃው ይገባ ነበር፤ ግን ኩሩ ሰው መቼ ምክር ይሰማል? በአውቶቡስ ብቻውን ተመለሰ።

ቤከርስፊልድ ጭፈራ ቤት ሲጫወት «ይሄን ከሸክላው ላይ ነው የለቀምከው» ይሉት ጀመር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ጊታሩን ሸጦ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ገባ፣ ናዲን የምትባል ደግ ሴትም አገባ። ስለ ቨርሊን አንድም ቀን አላነሳላትም።

ከዓመታት በኋላ ቨርሊን ስመ ጥር ሆና ቤከርስፊልድ መጣች። ትኬቱን የገዛችው ናዲን ናት፤ ያንን ዘፈን ትወደዋለች። ዶይል እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።

ዘፈኑ ተጀመረ። ጊታሩ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። ቨርሊን ዓይኗን ጨፍና፣ ክፍት የተተወው ቦታ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ጊታሩ ምን ሆነ?» አለች ናዲን።

«በየከተማው እንዲህ ነው የምታደርገው» አለች ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት። «እዚህ ቦታ ላይ ማንንም አታስጫውትም።»

«ለምን ይሆን?» ናዲን ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ዶይል። ጨለማው ፊቱን ስለሸፈነለት አምላኩን አመሰገነ።