ከገሳይ ሰልባጅ የወጣው ቀሚስ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ አሁንም አላምንም ብዬ ብጀምርላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እስቲ መጀመሪያ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ። ኩዌት ስሠራ አብረውኝ የነበሩት ልጆች "ይሄ ቤት ጂኒ አለበት" ብለው በር ዘግተው ሲጸልዩ፣ መሰላል አቁሜ የአየር ማቀዝቀዣውን ክዳን ፈትቼ ሲያቃስት የከረመው የላላ ብሎን መሆኑን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፣ ጂኒው ከዚያ ወዲያ አላቃሰተም፣ እነሱም ይቅርታ አልጠየቁኝም። እናቴማ "አንቺ ልጅ፣ ቡዳ አታምኚ፣ ዛር አታምኚ፣ ምን ቀረሽ?" እያለች ስትቆጣኝ ነው የኖረችው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ኮሌታ አዞራለሁ፣ ዓይኔ ስፌት እንጂ መንፈስ አይቶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በቅርስ ማኅበራችን ነው። ከየከተማው ያሉ የቅርስ ማኅበራት በየጊዜው ጉባኤ ይቀመጣሉ፣ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ማኅበር አንዲት ሴት የጥንት እመቤቶች ልብስ አልብሶ ያቀርባል፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የተቀመጡበት ሸንጎ ደግሞ ልብሱን እየዳሰሰ ይፈርዳል። ባለፈው ጉባኤ፣ እኔ ማኅበሩ ውስጥ ሳልገባ፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ ይርጋ ከሱቅ የገዙትን የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ለአንዲት ልጅ አልብሰው አቅርበው ኖሮ፣ እሜቴ ጥሩወርቅ የሚባሉ የሸንጎው አሮጊት የልጅቷን ጀርባ ዳበስ አደረጉና ዚፑን ጎትተው፣ "የዚያን ዘመን እመቤት ይሄን ከየት አመጣችው?" ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማችን "ባለዚፖቹ" ሆነ፣ እመኑኝ፣ ወደ ሐሙሲት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ተሰድበንበታል።

ዘንድሮ ጉባኤው እኛው ከተማ ሆነ። ጋሽ ይርጋ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ቀልድ አያውቁም፣ ሰብስበውን "በገዛ ቀያችን ከተሳቀብን ማኅበሩን እኔው በእጄ አፈርሰዋለሁ" አሉ። ብድግ ብዬ "ልብሱን እኔ አመጣለሁ" አልኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "አንቺ? ከአረብ አገር ሽቶ ይዘሽ የመጣሽው?" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ያንን ልብስ ሳላገኝ እንደማልተኛ ለራሴ የማልኩት ያኔ ነው።

ግን ከየት ይገኛል? ዘመድ ቤት ዞርኩ፣ ጎረቤት ቤት ዞርኩ፣ የጥንቱ ልብስ ግማሹ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል፣ ግማሹ ለጧፍ ፈትል ተቀዷል፣ የቀረውን ደግሞ ባለቤቶቹ እንኳን ሊሰጡኝ ሊያሳዩኝም አልፈለጉ። ተስፋ ቆርጬ ነው በገበያ ቀን ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ገሳይ የወጣሁት፣ ለሱቄ ሰልባጅ ጃኬት ልገዛ፣ ሌላ ሐሳብም አልነበረኝ። ቀትር ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጉና ተራራ ላይ ግን ደመናው ተኝቷል፣ አስካል የምትባል ደንበኛዬ ከሸራዋ ላይ ቦንዳውን ዘርግፋ በስሜ እየጠራች "ምረጪ እንጉዳይ፣ ምረጪ" ትለኛለች። ከፈረንጅ ሹራብና ከልጅ ፒጃማ ሥር እጄ አንድ ነገር ነካ፣ ልብስ ሰፊ እጅ አይሳሳትም፣ ፈትል ነው፣ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ። ሳብኩት፣ ወፍራም የድሮ ቀሚስ፣ እጅጌው ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ የሐር ጥልፍ፣ ውስጡ የተጠቀለለ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አልኳት።

"ከቦንዳው ነዋ።"

"ቦንዳው ከውጭ አገር አይደለም እንዴ የሚመጣው? የእኛ አገር ቀሚስ ምን ብሎ እዚያ ገባ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ትናንት ስደረድር አላየሁትም። ለሕፃን መጠቅለያ ይሆንሻል፣ ውሰጂው" አለችና ከጃኬቶቹ ጋር መረቀችልኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፣ እየዘለልኩ ነው መኪና የተሳፈርኩት።

ሱቄ ደርሼ ሳየው አንድ ጉድለት አለው። የደረቱ ጥልፍ በቀኝ በኩል ሙሉ ነው፣ በግራ በኩል ግን ክሩ ወጥቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ በመስመር ቀርቷል። "ይሄማ ለእኔ ምኔ ነው" ብዬ ቀይ ሐር ገዝቼ፣ ቀዳዳውን ተከትዬ ስጠልፍ ዋልኩ፣ ማታ ቆልፌ ሄድኩ፣ በነጋታው ቀትር ላይ ምሳ በልቼ ስመለስ የጠለፍኩት በሙሉ ተፈትቶ፣ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ልቃቂት ሆኖ ተቀምጧል። አይጥ ነው አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን አይጥ ክር ይበጥሳል እንጂ መች ይጠቀልላል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ እንደገና ጠልፌ፣ በማግሥቱ ቀትር ሲቃረብ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፌ፣ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ከጎኔ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡት እትየ አገር ደጃፍ ቆምኩ። ስለ ቲማቲም ዋጋ እያወራን ነው፣ ድንገት ጆሯቸውን ወደ ጣውላው ግድግዳ አዘነበሉ።

"እንጉዳይ፣ ምንድን ነው የምትተረትሪው?"

"እትየ አገር፣ እኔ እዚሁ አጠገብዎ አይደለሁ እንዴ?"

"ታዲያ ማነው?"

ጥር… ጥር… ጥር… ክር ከጨርቅ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ በጥድፊያ የሚፈታ ሰው ድምፅ አይደለም፣ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ ትንፋሽ የመሰለ ነገር። ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩት። ማንም የለም። ጥልፉ ተፈትቷል፣ ልቃቂቱ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ነው፣ እኛ እያየነው ቆመ። ምስማር ላይ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ የሰቀልኩት ነጠላ ደግሞ ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንደሚያዘቀዝቀው።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" አሉ እትየ አገር። "ሰልባጁ ውስጥ ያገኘሽው ነው? መልሺው ልጀ፣ ዛሬውኑ መልሺው!"

"አልመልስም!" አልኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ፣ ያን ሁሉ አገር ዞሬ ያገኘሁትን ልብስ ለማይታይ ነገር ለቅቄ "ባለዚፖቹ" እየተባልኩ ልኖር ነው? እትየ አገር ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ፣ ቀሚሱ ፊት ቆሜ፣ "እሺ፣ ጥልፉን ሁለተኛ አልነካውም፣ አንቺም አታዋርጂኝ" አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ። ከዚያ በኋላ ሱቄ ውስጥ ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ የዝምታው ነገር ግን ከድምፁ ይልቅ አላስቀምጥ አለኝ።

ጋሽ ይርጋ ልብሱን ሊያዩ መጡ። መጀመሪያ ዓይናቸው በራ፣ ቀጥሎ የደረቱን ቀዳዳ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"የተቦጨቀ ልብስ አልብሰሽ ልታሳቂብን ነው? ጥለፊው እንጂ!"

"አይጠለፍም ጋሽየ።"

"ለምን?"

ምን ልበላቸው? "ከፈለጉ እርስዎ ይጥለፉት፣ ቀትር ላይ ግን ሱቁን ለቀው እንዳይሄዱ" አልኳቸው። ሴቲቱን የአረብ አገር ፀሐይ መትቷታል ሳይሉ አልቀሩም፣ ሌላ ልብስ ግን አልነበራቸውምና በሩን ወርውረው ወጡ።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ከየከተማው የመጡት እያዩን "ባለዚፖቹ መጡ" እያሉ ይጠቃቀሳሉ፣ የእነሱ እመቤቶች ወርቅ በወርቅ ሆነው ሙሽራ መስለው ያልፋሉ። የእኛን ልብስ የምትለብሰው ሰላም የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፣ ከመድረኩ ጀርባ ቀሚሱን አለበስኳት፣ ነጠላውን ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ እንደ በዓል አጣፋሁላት፣ ጉንጯን ስሜ ሄጄ የፊተኛው ወንበር ላይ ጋሽ ይርጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ተራችን ደረሰ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ ሰላም ወጣች።

ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ቀዩ ጥለት አንገቷ ሥር፣ ጫፉ ፊቷን ከቦ፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ።

አዳራሹ "ውይ!" አለ፣ አንዱ "ሟርት ነው! በደስታ ቀን!" ብሎ ጮኸ፣ ሌላው ሊስቅ ጀምሮ ተወው፣ ጋሽ ይርጋ ክንዴን በጥፍራቸው ቆንጥጠው "ገደልሽን" አሉኝ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚህ መሐል እሜቴ ጥሩወርቅ፣ እኚያ ዚፑን የጎተቱት፣ ከሸንጎው ወንበር ተነሡ።

"ጸጥ በሉ! ለቅሶ ፊት እንዲህ ይጮኻል?"

የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው አዘቀዘቁ። ሰላምን "ነይ ልጀ፣ ቅረቢ" ብለው ባዶውን የመርፌ ቀዳዳ በጣታቸው አንድ በአንድ ሲዳስሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እናቴ፣ አባቴ የሞተ ዕለት፣ የደረቷን ጥልፍ በጥርሷ እየነከሰች ፈታችው፣ ሕፃን ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። የልቧ በኩል ባዶ ይሁን ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ ይሄን አይቼ አላውቅም። ዛሬ የመጣው ሁሉ ልብስ ነው፣ ይሄኛው ግን ሰው የኖረበት ነው። እንኳን ጠገንን ብላችሁ አላበላሻችሁት!"

ሸንጎው አልተመካከረም፣ ምን ይመካከራል! አንደኛ ተባልን። ያን እልልታ ብትሰሙት፣ ጣራው ሊነቀል ደረሰ፣ በሕይወታቸው ፈገግ ብለው የማያውቁት ጋሽ ይርጋ ዱላቸውን እየነቀነቁ "ዘራፍ!" እያሉ መድረኩ ላይ ሲፎክሩ፣ ከመሐል ቆም ብለው "ያመጣችው እንጉዳይ ናት! የእኛዋ እንጉዳይ!" ብለው በሕዝብ ፊት ግንባሬን ሳሙኝ። አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ፣ እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ሲሰድቡን የነበሩት ተሰልፈው ቀሚሱን ሊነኩ መጡ፣ እኔም ንግሥት መስዬ "እጃችሁን ታጥባችኋል?" እያልኩ አስነካቸው ነበር።

ከግርግሩ በኋላ ለሰላም ልብሱን ላወልቅላት ከመድረኩ ጀርባ ገባን።

"አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ" አለችኝ። "እንደዚያ መሆን እንዳለበት በምን አወቅሽ? እጅሽ ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲያ የቀዘቀዘው?"

"የቱ እጄ?"

"ልወጣ ስል ከኋላዬ መጥተሽ ነጠላዬን ስታዘቀዝቂልኝ ነዋ! ምነው ብልሽ ዝም አልሽኝ።"

እኔ እኮ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ጋሽ ይርጋ ምስክሬ ናቸው፣ የቆነጠጡኝ ጥፍር ክንዴ ላይ ነበር። ልነግራት ብዬ ተውኩት፣ ልጅቷን በድል ቀኗ ምን ላስደነግጣት። እሷ ግን ነጠላውን አጣጥፋ ስታቀብለኝ፣ እንደ ዋዛ፣ "ለመሆኑ ለቅሶው የማን ነው?" አለችኝ።

ልብሱ አሁን በማኅበራችን ቤት በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ከሩቅ አገር እየመጡ ያዩታል፣ "ባለዚፖቹ" የሚለንም የለም፣ ጋሽ ይርጋም ያለእኔ ስብሰባ አይከፍቱም። ያን ዕለት ግን እልልታው ሳያቆም ከአዳራሹ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ፣ ደህና ናት፣ ለእህቴ ደወልኩ፣ ደህና ናት፣ ኩዌት ላለችው ለአክስቴ ልጅ ሳይቀር ደወልኩ፣ ሁሉም "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ነው የሚሉኝ። ምን እላቸዋለሁ፣ አሸነፍን አልኳቸው። እስካሁን ሁሉም ደህና ናቸው፣ ዛሬ ጠዋትም ደውያለሁ።