ትንፋሽ ያሳለፈው ብረት

ከውሃው ውስጥ አረፋው በድጋሚ ወጣ። ኦብሴ ፊኛውን አየችው። ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን አልነበረም፤ ለሙከራ የነፋችው የራሷ ትንፋሽ ነበር።

«ማርቲ፣ ነይ እስቲ።»

በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር የቡድን ጓደኛዋ የሆነችው ማርቲ ከጎን ጠረጴዛ ልጆች ጋር ሰልፊ እየተነሳች ነበር። «ምነው? ዳኞቹ ሁለት ጠረጴዛ ነው የቀራቸው።»

«አየርም እያለፈ ነው።»

ከጀርባቸው በተለጠፈው ካርቶን ላይ «ሃይድሮጅንን ብቻ የሚያሳልፍ ብረት» ተብሎ ተጽፏል። ብረቱ በሁለት ቱቦዎች መካከል በብሎን የታሰረ ስስ ሪባን ነው፤ አንዱ ቱቦ ፊኛ ይገጠምበታል፣ የሌላው ጫፍ ውሃ ውስጥ ነው። የኦብሴ አባት ከሚሠራበት ላፍቶ ካለው የትራንስፎርመር ጥገና ቤት ነው ያመጣላት። አቶሞቹ እንደ ተራ ብረት በሰልፍ አልተደረደሩም፤ ጠዋት ጎፋ ላይ ታክሲ ሲመጣ እንደሚጋፋው ሰው ተደበላልቀው ነው የቆሙት። ኦብሴ በዚያ ግፊያ መሃል ትንሿ ሃይድሮጅን ብቻ ሾልካ ታልፋለች ብላ ነበር።

«ቆርቆሮ እንዳይመስልሽ» ብሏት ነበር አባቷ። «ብርጭቆ በዪው። ካስጨነቅሽው ይሰነጠቃል።»

ትናንት ብሎኑን ያጠበቀችው ማርቲ ናት። ወዲያው ከውሃው ውስጥ አረፋ ወጣ። ክብሪት ሲያስጠጉት እንደ ሃይድሮጅን ጧ አለ፤ ሁለቱም ተቃቀፉ። ዛሬ ጠዋት ማርቲ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት «የኔ ሳይንቲስት» ብላ ጠራቻት። ኦብሴ ከሀና ማርያም ተዛውራ ከመጣች አራት ወር ሆኗታል። እስከ ትናንት ድረስ ምሳዋን የምትበላው ከላይብረሪው ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ብቻዋን ነበር።

ጎንበስ ብላ ሪባኑን አየችው። ከብሎኑ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ።

«ማን ሊያውቅ ነው?» አለች ማርቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እነሱ የሚያዩት ክብሪቱን ነው። ጧ ካለ አለቀ። አታካብጂ ባክሽ።»

«ሌላ ሪባን ይዣለሁ።»

«እና እሱ ያሳልፋል?»

«እንጃ። ምንም ላያሳልፍ ይችላል።»

«ታዲያ ባዶ ውሃ ልናሳይ ነው? እኔ አልዋረድም፣ ኦብሴ። ከነካካሽው ብቻሽን ነሽ።»

ማርቲ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። አንዷ የሆነ ነገር ስትላት ሳቀች፤ ግን ዓይኗ ኦብሴ እጅ ላይ ነበር።

ኦብሴ የደረጃው ቅዝቃዜ ትዝ አላት። ምሳዋን በልታ ከጨረሰች በኋላ እንኳ ደወሉ እስኪደወል የምታነበው ነገር እንዳላት ታስመስል ነበር።

ብሎኑን መፍታት ጀመረች።

አዲሱን ሪባን አስገብታ በጣቷ ብቻ አጠበቀችው። በትንፋሽዋ ሞከረችው፤ አረፋ የለም። ሃይድሮጅን ያለበትን ፊኛ ገጠመችው። አሁንም የለም።

«እሺ፣ ኦብሴ» አሉ ቲቸር ቦጋለ ከሁለት ዳኞች ጋር ቆመው። «ምን አገኛችሁ? ማርቲስ የት አለች?»

ኦብሴ ወደ ጎን ጠረጴዛው አየች። ማርቲ ጀርባዋን ሰጥታለች።

«እስካሁን ምንም አላገኘንም፣ ቲቸር» አለች። የተሰነጠቀውን ሪባን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ብርሃኑ በስንጥቁ አለፈ። «የትናንቱ አረፋ የወጣው በዚህ ስንጥቅ ነው።»

አንደኛው ዳኛ ሪባኑን ተቀብሎ አገላበጠው። «አሁን የገጠምሽውስ?»

«ከተገጠመ ሰባት ደቂቃው ነው።» ወንበሩን ስባ ከውሃው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እየጠበቅሁት ነው።»