እስክትራመድ ድረስ

ደምሰው ጧት ጧት ከሁሉ በፊት የሚያደርገው በልጁ አልጋ ግርጌ ጎንበስ ብሎ የአሸዋውን ከረጢት ማየት ነበር። ከምንታምር ቀኝ እግር በፋሻ የተያያዘው ገመድ በአልጋው ጫፍ ባለች ትንሽ መዘውር ላይ ዞሮ ይወርዳል፤ ከረጢቱም ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ የተሰበረውን የጭን አጥንት ቀስ እያለ ይስባል። "ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም" ብሎት ነበር ሐኪሙ። "የሰባት ዓመት ልጅ አጥንት ቀጥ ብሎ ከተያዘ ራሱ ይገጥማል። አምስት ስድስት ሳምንት መታገሥ ነው።"

እግሯን የሰበረው የባጃጅ አደጋ እናቷን ዘነቡን ገድሏል። ደምሰው ሚስቱን ቀብሮ በማግስቱ ልጁን ሊያስታምም እዚህ ገባ፤ ለእሷም "እናትሽ ሌላ ሆስፒታል ተኝታለች" አላት። ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። ሌሎቹ ሕፃናት እየዳኑ ወጡ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ባዶ ፍራሾች፣ የበረኪና ሽታና መዘውሯ ልጅቱ በተነቃነቀች ቁጥር የምታሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ብቻ ሆኑ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ አጥቦ ሲመለስ የልጅቱ ፀጉር ሹሩባ ተሠርቶ አገኘው።

"ማን ሠራሽ?"

"እማዬ።"

ነርሷን ሲስተር እንግዳወርቅን ጠየቃት። "እኔ አልሠራኋትም፤ የገባ ሰውም አላየሁም" አለችው።

ከዚያ በኋላ ወጣ ብሎ በተመለሰ ቁጥር መስኮቱ ሥር የተወው ወንበር ከአልጋው አጠገብ ተጠግቶ ይጠብቀዋል፤ ፀሐይ በሞላው ክፍል ውስጥ መቀመጫው እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ትራሱም እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ከመጋረጃው ሥር ሁለት ባዶ እግሮች አየ፤ ጣቶቹ መካከል ቀይ አፈር ደርቋል። ሮጦ መጋረጃውን ገለጠው። ግድግዳ ብቻ።

"ምን ትልሻለች?" አላት ልጁን።

"እግርሽ እስኪድን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ይዤ እሄዳለሁ ትላለች።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደምሰው ሲስተር ዞር ስትል ከረጢቱን አንሥቶ የአልጋው ብረት ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ገመዱ ይረግባል፣ ልጅቱ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እሱ ፊቱን ያዞራል። አጥንቱ እንዳይገጥም መጸለዩን እንኳን ለሰው ለራሱም መናገር አፈረ።

አጥንቱ ግን ገጠመ። በስምንተኛው ሳምንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየ። "ትንሽ ጠመም ብሏል። ቢሆንም ድኗል፤ ትራመድ" ብሎ ገመዱን ፈታና ወጣ።

ምንታምር ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ እያነከሰች ተራመደች። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ክፍሉን አፈነው። ደምሰው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ጠምጥሞ ያዛት።

"አልሰጥም! ልጄን አልሰጣትም!"

ልጅቱ በትከሻው ላይ አሻግራ ከጀርባው ያለውን ስታይ ቆየችና ራሱን በትንሽ መዳፏ ደባበሰችው።

"እኔን እኮ አይደለም አባዬ" አለችው ቀስ ብላ፤ "እኔማ መራመድ ከቻልኩ ያለ አንተ እኖራለሁ ብላለች።"