ያላለቀሰችው ምሥራቅ

ባሏን አማረን ሞቶ ያገኘችው ምሥራቅ ራሷ ናት። ፌደራል ዌይ ከተማ አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ አድራ ጎህ ሲቀድ ሬኒየር ቢች ሰፈሯ ስትደርስ፣ ከአፓርታማው የውጭ ደረጃ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ለፖሊስ ደወለች። ከዚያ ቤት ገብታ ለልጇ ቁርስ ሠራች፤ እንቁላሉም አላረረባትም። ሰዉ ይቅር ያላላት ያንን እንቁላል ነው።

ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ የእሷ ዓይን ግን እንደደረቀ ነው። ውስጧን ስትፈትሽ ምንም አታገኝም። ጉሮሮዋ ላይ ብቻ፣ ደረቅ ዳቦ እንደዋጠ ሰው፣ የሆነ ነገር ተወትፎ አልወርድ ብሏታል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም «ሰው ገፍቶ ጥሎታል፤ የሞተውም ሊነጋጋ ሲል ነው» ካለ ወዲህ ጣቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። ከታሰረች ልጇ ከእጇ ትወጣለች። መፍራት እንዳለባት ታውቃለች፤ ፍርሃቱ የት እንዳለ ግን አታውቅም።

መርማሪ ጀውሃራ ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ወሎዬ ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቶሎ ታያለች።

«የእኛ የፖሊሶቹ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስሞላሽን አጭር መጠይቅ አየሁት» አለቻት። «‹የሚሰማኝ ምን እንደሆነ ግራ ይገባኛል›፣ ‹ስሜቴን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል›፤ ሁሉንም ‹በጣም እስማማለሁ› ብለሻል።»

«እውነት ስለሆነ ነው።»

«ባልደረባዬ ውጤቱን አይቶ ‹ልበ ደንዳና ናት› ብሏል።»

«እሱ ብቻ አይደለም።»

«መጠይቁ የሚለካው ስሜትን ለመለየት መቸገርን ነው እንጂ ስሜት ማጣትን አይደለም። ደግሞ የተቸገረውን ሰው ‹ምን ያህል ተቸገርክ› ብሎ ራሱን ይጠይቀዋል። ለሕክምና ጥሩ መነሻ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይጠቁምም። በይ ፊት ማንበቡን እንተወውና ያየሽውን ንገሪኝ። አማረ ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ‹አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ሰው ይቀየመኛል› ይል ነበር።»

«ሞቱን ለዘመድ ማን አሳወቀ?»

«የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጋሼ ኃይለ መስቀል። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ እዚሁ ሆነው ለወንድሙ ለመልከጸዴቅና ለጓደኛው ለዘካሪያስ ኮል አደረጉ። መርዶ በስልክ አይነገርምና ‹አማረ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ወደ ቤቱ ኑ› ነው ያሏቸው።»

«ማን ቀድሞ መጣ?»

«ዘካሪያስ። ቤቱ እዚሁ አጠገብ ስለሆነ ስልኩ እንደተዘጋ ደረሰ። ወዲያው ከመኪናው ወንበር ማውረድ ጀመረ።»

«የምን ወንበር?»

«የእድሩን። ሰው ሲሞት ሁልጊዜ የሚያመጣው እሱ ነው።»

ጀውሃራ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ለቅሶተኛው ወደተቀመጠበት ሳሎን ገባች። ምሥራቅም ምኑ እንዳስቸኮላት ሳይገባት ተከተለቻት።

መልከጸዴቅ ምሥራቅን ሲያያት ደሙ ፈላ። «አንዲት እንባ! ለወንድሜ አንዲት እንባ!»

«ተዋት በቃ» አለው ዘካሪያስ። ዓይኑ አብጧል፤ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው።

«እንባ መለካቱን ለኔ ተዉት» አለች ጀውሃራ። «መልከጸዴቅ፣ ስልኩ ሲደወልልህ ምን አደረግህ?»

«ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርኩ! ደንግጬ የትኛው እንደሆነ እንኳ መች ጠየቅኩ።»

«‹ወንድምህ ታሟል› የተባለ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ የእድሩ ወንበር የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቱክዊላ፣ መጋዘን ውስጥ። ቁልፉ ዘካሪያስ ጋ ነው። ምነው ልጄ?»

«በዚያ ሰሞን ሌላ ለቅሶ ወይም ድግስ ነበረባችሁ?»

«ኧረ ምንም አልነበረ።»

«እንግዲያው የተቀመጣችሁበትን ተመልከቱ።»

ሁሉም ወደ ታች አዩ።

«ዘካሪያስ፣ ለታመመ ሰው ወንበር አይጫንም።»

«ሶ ምን ይጠበስ? ሽማግሌ በጠዋት እንዲህ ብሎ ሲደውል ሞት መሆኑ ይጠፋኛል? ገመትኩ።»

«መገመቱን ማንም ይገምታል። ገምተህ ቱክዊላ ድረስ ነድተህ፣ ያን ሁሉ ወንበር ጭነህ ብትመለስ ግን ትዘገይ ነበር። አንተ ስልኩ እንደተዘጋ በሩ ላይ ነህ። ሲደወልልህ ወንበሮቹ መኪናህ ላይ ነበሩ። ማንም ሳይነግርህ፣ ለአማረ ለቅሶ ወንበር ጭነህ ነበር።»

ዘካሪያስ ዓይኑን እጆቹ ላይ ጣለ።

«አማረን ሥራ ላደርሰው መጥቼ ደረጃው ላይ ተጨቃጨቅን» አለ። «ሰሞኑን በመኪና ሰው ገጭቼ ሳመልጥ አብሮኝ ነበር። ‹ለፖሊስ እናገራለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ከዚያ ዝም ብዬ ስነዳ ራሴን መጋዘኑ ውስጥ አገኘሁት። ሰው ሲሞት ወንበር እጭናለሁ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።»

ደጅ ሲጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። መልከጸዴቅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አንገቱን ደፋ። ምሥራቅ ዘካሪያስ የተነሳበትን ወንበር አጥፋ ከግድግዳው አስደገፈችው።

«ጀውሃራ» አለች በቀስታ። «እዚህ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ። ከዚያን ዕለት ጠዋት ጀምሮ አልወርድ ብሎኛል። ሐኪም ላሳየው እንዴ?»

ጀውሃራ እጇን ያዘቻት። «እህቴ፣ እሱ እኮ ኀዘን ነው።»

«ይሄ?»

«አዎ፣ ይሄ።»

«ለካ ነበረኝ» አለች ምሥራቅ። ያጠፈችውን ወንበር መልሳ ዘረጋችና ተቀመጠችበት።